ድምፁ የሚቆራረጠው ኢንተርኔቱ አንሶ ነው? የቢሮ ኢንተርኔት ስልክ ከመገጠሙ በፊት ስለሚደረግ ዝግጅት

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት (ክር) የከፈተው ሰው ጥያቄውን በደንብ አዘጋጅቶ ነው ያቀረበው። አዲስ አበባ ያለ የ40 ሠራተኛ ቢሮ የድሮውን የአናሎግ ስልክ ማዞሪያ አውጥቶ አስተሪስክ (የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር) በተጫነበት ሰርቨርና በአይፒ ስልኮች (በኔትወርክ ኬብል በሚሠሩ ስልኮች) ሊተካው ነው። ሐዋሳ ያለው ቅርንጫፍ በዋየርጋርድ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የተመሰጠረ የግል ዋሻ) ይገናኛል። ኢንተርኔቱ ፋይበር ሆኖ 20 ሜጋ ቢት ዳውንሎድ፣ 5 ሜጋ ቢት አፕሎድ አለው። ለሙከራ 6 ስልኮች ተገጥመዋል። ጠዋት ጥሪው ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ውጭ ያለው ሰው የቢሮውን ሰው ድምፅ እየተቆራረጠ ይሰማዋል፣ የቢሮው ሰው ግን ውጭ ያለውን አጥርቶ ይሰማል። ስልኮቹን የሸጠላቸው ድርጅት ፍጥነቱን በእጥፍ አሳድጉ ብሏቸዋል። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ይህ እውነት መሆኑን፣ ካልሆነም የቀሩት ስልኮች ከመገዛታቸው በፊት ኔትወርኩ ላይ ምን መሠራት እንዳለበት ነው።

መልሶቹን በየቁጥራቸው አስከትዬ አቀርባለሁ። ሒሳቦቹን እንደገና ስለሠራኋቸው፣ ስሕተት ያለበት ቦታ ላይ ማን እንዳረመው ጠቁሜያለሁ።

መልስ 1 በትሕትና ከሒሳቡ ጀመረ። በጂ 711 ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ዘዴ) አንድ ጥሪ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፓኬት (የዳታ ጥቅል)፣ በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል። አንዱ ፓኬት 160 ባይት ድምፅ ይይዛል፤ የአይፒ፣ የዩዲፒና የአርቲፒ ሄደሮች (በፓኬቱ ራስ ላይ የሚጻፉ የአድራሻና የቅደም ተከተል መረጃዎች) 40 ባይት፣ ኢተርኔቱ ደግሞ 18 ባይት ይጨምሩበታል። ድምሩ 218 ባይት፣ ማለትም በሰከንድ 87.2 ኪሎ ቢት ነው፤ ይህ የአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ስንት ጥሪ ሊኖር እንደሚችል አሰላ። 40ው ሠራተኛ እያንዳንዱ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት 3 ጊዜ ለ3፣ 3 ደቂቃ ወደ ውጭ ቢያወራ 6 ኧርላንግ (በአማካይ በአንድ ጊዜ 6 ጥሪ) ይሆናል፤ በኧርላንግ ቢ ሠንጠረዥ 12 መስመር ካለ ከመቶ ደዋይ መስመር የሚያጣው አንድ ገደማ ነው። የ12 ጥሪ ፍጆታ ከ1 ሜጋ ቢት ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ 5 ሜጋ ቢት አፕሎድ ከበቂ በላይ ነው፣ ለድምፅ ተብሎ እጥፍ መግዛት አያስፈልግም ብሎ ደመደመ።

መልስ 2 በሒሳቡ ተስማማ፤ ድምዳሜው ግን ግማሹን ብቻ እንደሚመልስ በግልጽ ተናገረ። ዋናው ጥያቄ ድምፁ ስንት ይወስዳል ሳይሆን፣ የቀረውን 4 ሜጋ ቢት ማን ይወስደዋል የሚለው ነው። ወደ ውስጥ የሚመጣው ድምፅ ጥርት ብሎ ወደ ውጭ የሚሄደው ብቻ ከተቆራረጠ ችግሩ ያለው አፕሎዱ ላይ ነው፤ ስልክም ሰርቨርም ከመነካካት በፊት ወደዚያ መሄድ ይገባል። ከዚያ ወረፋውን አስረዳ። ራውተሩ ወይም የፋይበሩ ሳጥን መስመሩ ሲሞላ ፓኬቶችን ወዲያው አይጥልም፣ ያሰልፋቸዋል። 250 ኪሎ ባይት የተሰለፈበት ወረፋ በ5 ሜጋ ቢት ለመውጣት 400 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። የድምፁ ፓኬት ከዚያ ሰልፍ ጭራ ላይ ይቆማል። ኢሜይል ለ400 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያውቅም፤ ጥሪ ግን ይበላሻል። ጠያቂው ከምሳ በኋላ ምን ሥራ እንደሚጀምር እንዲያጣራም አሳሰበው።

መልስ 3 የጠያቂው ነበር። 8 የደኅንነት ካሜራዎች እንዳሉና ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ከሌላ ቦታ ሆኖ እንደሚያያቸው ጻፈ፤ እያንዳንዱ በ512 ኪሎ ቢት ነው የሚወጣው። ስምንቱ ሲደመሩ 4 ሜጋ ቢት ይሆናሉ። የሠራተኛው ኢሜይልና ፋይል ሲታከልበት 5ቱ ሜጋ ቢት እንደሚያልቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

መልስ 4 መፍትሔውን በቅደም ተከተል ሰጠ፤ በእኔ ግምት የክሩ ጠቃሚው መልስ ይህ ነው። በመጀመሪያ የአፕሎዱን ጣሪያ በራሳችሁ ራውተር ላይ ወደ 4.5 ሜጋ ቢት አውርዱ ይላል። 10 በመቶው የሚተወው ወረፋው በአቅራቢው ሳጥን ውስጥ እንዳይፈጠር ነው፤ እዚያ ውስጥ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ ማዘዝ አይቻልምና። ወረፋው በእናንተ ራውተር ላይ ሲሆን ግን ትእዛዙ የእናንተ ነው። ቀጥሎ የቅድሚያ ምልክቱ (ዲኤስሲፒ) 46 ወይም ኢኤፍ የሆነውን ፓኬት ሁሉ ከፊት አስቀድሙ፣ ግን ለእሱም የ1.5 ሜጋ ቢት ገደብ አብጁለት፤ አለዚያ ያን ምልክት የለጠፈ ማንኛውም ፕሮግራም ሌላውን ሁሉ ያስርባል። ለቀረው ትራፊክ ኤፍኪው ኮደል ወይም ኬክ የሚባሉትን የወረፋ ዘዴዎች ተጠቀሙ፤ የማይክሮቲክ ራውተር ከስሪት 7 ጀምሮ ሁለቱንም ይዟል። ካሜራዎቹን በአንድነት 1.5 ሜጋ ቢት ላይ ገድቡ። ዳውንሎዱንም ወደ 18 ማውረድ ይጠቅማል።

መልስ 5 አጭር ነበር። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ሁሉንም ስልክ ጂ 729 በሚባለው ቀጭን ኮዴክ ላይ ማድረግ ይበቃል፣ ፈቃዱ ግን ገንዘብ ያስከፍላል የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ነው ቃላቱ መክረር የጀመሩት።

መልስ 6 ይህን ሐሳብ ያለ ርኅራኄ ነው የተቸው። ጂ 729 ድምፁን ወደ 8 ኪሎ ቢት ቢያወርደውም ሄደሮቹ እንዳሉ ስለሚቀሩ በኢተርኔት ላይ 31.2 ኪሎ ቢት ይሆናል፤ የፓኬቱ ቁጥር ያው በሰከንድ 50 ነው፤ የወረፋው መዘግየትም አይለወጥም። መስመሩ በካሜራ ሞልቶ ሳለ ጥሪውን ማቅጠን ምንም አይፈይድም። ድምፁ ምንም ፓኬት ሳይጠፋ እንኳ ከጂ 711 ያንሳል፣ በማቆያ ላይ ያለ ሙዚቃ ይንኮሻኮሻል፣ ለባንክ ወይም ለአገልግሎት መስመር የሚጫኑ ቁጥሮች በድምፁ ውስጥ ከተላኩ አይነበቡም። የኋለኛው የሚስተካከለው ቁጥሮቹ በአርኤፍሲ 4733 ደንብ ከድምፁ ተለይተው እንዲላኩ በማድረግ ነው። የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ፣ እሱም የሐዋሳው ቪፒኤን ነው። በዋየርጋርድ ውስጥ ሲያልፍ፣ ኢተርኔቱ ሳይቆጠር፣ አንድ የጂ 711 ጥሪ 107 ኪሎ ቢት፣ አንድ የጂ 729 ጥሪ 50 ኪሎ ቢት ገደማ ይሆናል። 4 ጥሪ በአንድ ጊዜ ቢኖር ልዩነቱ 430 እና 200 ነው፤ የቅርንጫፉ መስመር ቀጭን ከሆነ ያኔ ይታሰብበት።

መልስ 7 ስለ ፈቃዱ ብቻ አረመ፦ የጂ 729 የፓተንት ጊዜ በአውሮፓውያኑ 2017 መጀመሪያ ስላበቃ ዛሬ ክፍያ የለበትም። ስለ ዋየርጋርድም አንድ ቁም ነገር ጨመረ። ዋየርጋርድ የውስጡን ፓኬት የዲኤስሲፒ ምልክት ወደ ውጭው ፓኬት አያሻግርም። በመውጫው በር ላይ ኢኤፍ የሚፈልግ ደንብ የሐዋሳን ጥሪ ሳያየው ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ቅድሚያው በዋሻው በር ላይ፣ ፓኬቱ ከመመስጠሩ በፊት ይሰጥ፤ በዋናው መውጫ ላይ ደግሞ ለዋሻው የዩዲፒ ፖርት የተወሰነ ድርሻ ይከበርለት።

መልስ 8 ወደ መለካት ወሰዳቸው። የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጾች ለዚህ ሥራ እንደማይረዱ፣ የሚለካው መዘግየት፣ ጂተር (የፓኬቶች መድረሻ ጊዜ መዋዠቅ) እና የፓኬት ብክነት (በመንገድ የሚጠፋው) እንደሆነ አስረዳ። የሚፈለገው በአንድ አቅጣጫ መዘግየቱ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በታች፣ ጂተሩ ከ30 በታች፣ ብክነቱ ከ1 በመቶ በታች መሆን ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር በአይቲዩ ምክረ ሐሳብ ጂ 114 ውስጥ ያለ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አይፐርፍ 3 የሚባል የኔትወርክ መለኪያ ፕሮግራም በሁለቱም ጫፍ ይጫናል፣ በዩዲፒ፣ በ160 ባይት ፓኬት፣ የ12 ጥሪ ያህል ትራፊክ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ለ10 ደቂቃ ይላካል። ያንኑ በሌላው አቅጣጫ መድገም ያስፈልጋል።

መልስ 9 ቁጥሩን አቃና። ከ160ው ባይት በተጨማሪ የአርቲፒ ሄደር 12 ባይት ስለሚይዝ ለአይፐርፍ የሚሰጠው መጠን 172 ነው፤ በዚያ ልክ 12 ጥሪ 826 ኪሎ ቢት ይመጣል። የቅድሚያውን ደንብ አብሮ ለመፈተን ፓኬቱ ላይ ምልክት መደረግ አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው 46 ብሎ ያስገባል፣ አይፐርፍ ግን በ-S ትእዛዙ የሚጠይቀው የሙሉውን ባይት ዋጋ ስለሆነ ትክክለኛው 184 ነው። 46 ከገባ ፓኬቱ ቅድሚያ ሳያገኝ ይሄዳል፣ ሞካሪውም ራውተሩ አይሠራም ብሎ ይደመድማል። እውነተኛ ጥሪ ሲፈተሽ ደግሞ በስዊቹ ላይ ፖርት ሚረር (የአንዱ ፖርት ትራፊክ ወደ ሌላ እንዲገለበጥ) ተደርጎ በዋየርሻርክ (የፓኬት መመልከቻ ፕሮግራም) ይቀዳና በቴሌፎኒ ምናሌ ሥር ያለው የአርቲፒ ትንተና ይከፈታል። ፓኬቶቹ 20 ሚሊ ሰከንድ እየተራራቁ መምጣት አለባቸው። በሁለት ፓኬት መካከል የ100 ሚሊ ሰከንድ ክፍተት ከታየና የስልኩ ጂተር በፈር (መዋዠቁን ለማስተካከል ፓኬቶችን የሚያቆየው ቦታ) 60 ብቻ ከሆነ፣ ፓኬቱ ቢደርስም ስልኩ ይጥለዋል። ቅጂው ከራውተሩ በፊትና በኋላ ቢወሰድ ጥፋቱ የት እንዳለ ያለ ጭቅጭቅ ይለያል።

መልስ 10 ከኬብል ዝርጋታ ሙያ የመጣ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ሁሉም ስለ ራውተር ሲያወራ ግድግዳው ውስጥ ያለውን የሚያይ መጥፋቱ አሳስቦታል። ካት 6 ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ካርቶን ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ከኬብሉ አንዷን ሽቦ ላጥ አድርጎ ጫፏን በምላጭ ፋቅ ፋቅ ማድረግ። ከሥሩ ነጭ ብር የመሰለ ከታየ አሉሚኒየም ነው፤ እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ክብደቱም ይናገራል፣ የአሉሚኒየሙ ካርቶን ሲነሣ ይቀላል። አሉሚኒየም የኤሌክትሪክ መከላከሉ ከፍ ስለሚል ረጅም በሆነ ዝርጋታ ላይ በፒኦኢ (በኔትወርክ ኬብሉ በሚመጣ ኤሌክትሪክ) የሚሠራ ስልክ ቮልቴጅ ያንሰውና ይነሣል ይጠፋል፤ ሽቦውም ሲታጠፍ ይሰበራል። ዝርጋታው ቋሚው 90 ሜትር፣ ከማገናኛዎቹ ጋር 100 ሜትር እንዳያልፍ፤ ጥንዶቹ ፕላጉ ጋ ሲደርሱ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይፈቱ፤ ከመብራት ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ እንዳይገቡ። ስልክና ኮምፒውተር በአንድ ኬብል የሚሄዱ ከሆነ የስልኩ ፖርት 100 ሜጋ ቢት ብቻ መሆን አለመሆኑ ከመገዛቱ በፊት ይታይ፣ ኮምፒውተሩም እዚያው ላይ ይወሰናልና።

መልስ 11 ስለ ፒኦኢ ኃይል ቀጠለ። 802.3ኤኤፍ የሚባለው የፒኦኢ ደረጃ በአንድ ፖርት 15.4 ዋት ይመድባል፣ ስልኩ ጋ የሚደርሰው እስከ 12.95 ነው። ባለ 24 ፖርት ስዊች የኃይል በጀቱ 120 ዋት ከሆነና ምደባው በክላስ (ስልኩ በሚያሳውቀው የኃይል ደረጃ) ከሆነ፣ ክላስ 3 ስልኮች ሲሰኩ 7ቱ ብቻ ይበራሉ፤ 8ኛው ጨለማ ይሆናል፣ ምንም እንኳ እያንዳንዱ በተግባር የሚጠቀመው 5 ዋት ገደማ ቢሆንም። ክላስ 2 ከሆኑ በ7 ዋት ሒሳብ 17 ይሸከማል። ስለዚህ የስልኩ ክላስ እና የስዊቹ ጠቅላላ በጀት አንድ ላይ ይታዩ፤ የፖርት ብዛት ብቻ ተቆጥሮ አይገዛ።

መልስ 12 ለስልኮቹ የተለየ ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ ተለይቶ የሚሠራ ኔትወርክ) እንዲሠራ መከረ፦ ዳታው ያለ ታግ ቪላን 10፣ ድምፁ በታግ ቪላን 20፤ ስልኩ የቪላኑን ቁጥር በኤልኤልዲፒ ሜድ ከስዊቹ ይወስዳል፣ የሰርቨሩን አድራሻ ደግሞ በዲኤችሲፒ አማራጭ 66። ይህ ከተደረገ ጥራቱ ራሱ ይስተካከላል አለ።

መልስ 13 በዚህ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ተቆጣ። ቪላን ማለያ እንጂ ማስቀደሚያ እንዳልሆነ፣ ሁለቱ ቪላኖች በአንድ ጠባብ መውጫ ላይ ሲገናኙ እኩል እንደሚሰለፉ፣ ይህን አፈ ታሪክ የሚነዙ ሰዎች ደንበኛን ገንዘብ እንደሚያስወጡ ጻፈ። አነጋገሩ ከሚገባው በላይ ሻካራ ነበር፣ በፍሬ ነገሩ ግን ልክ ነው። 12ኛው ተመልሶ ዓረፍተ ነገሩን አነሣ፤ ቪላኑ ግን ለብሮድካስት ጭነት፣ ለደኅንነትና ደንብ ለመጻፍ እንደሚያቀል አስረግጦ ተናገረ፤ ያም ልክ ነው። የተስማሙበት ነጥብ ይኸው ነው፦ ስዊቹ የሚያምነው ከስልኩ የሚመጣውን ምልክት ብቻ ይሁን፤ ከኮምፒውተር የሚመጣውን ወደ ዜሮ ይመልስ።

መልስ 14 ድምፁ ቢስተካከልም ጥሪው እንዳይቆረጥ ሌላ ጉዳይ አነሣ። በራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለው ረዳት (ጥሪን የሚያስጀምረውና የሚዘጋው ደንብ፣ ሲፕ፣ የሚልካቸውን መልእክቶች የሚለውጥ) ይጥፋ፤ በማይክሮቲክ ላይ በፋየርዎል ሥር ባለው የሰርቪስ ፖርት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ጥሪ ተነሥቶ በ32ኛው ሰከንድ ከተቋረጠ፣ ስልኩ መነሣቱን ያሳወቀው ወገን ማረጋገጫው አልደረሰውም ማለት ነው፤ በሲፕ ደንብ 500 ሚሊ ሰከንድ 64 ጊዜ ተባዝቶ 32 ሰከንድ ይጠብቅና ይዘጋል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሰርቨሩ የውስጥ አድራሻውን ለውጭው መስጠቱ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማበት ጥሪም ከዚሁ ይመጣል። በአስተሪስክ ላይ የውጭው አድራሻና የውስጥ ኔትወርኩ ክልል መሞላት አለባቸው፣ የሐዋሳው ክልልም በውስጥነት መጻፉ እንዳይረሳ። ሁልጊዜ 15 ደቂቃ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ግን የሴሽን ታይመር ነው፦ 1800 ሰከንድ ተስማምተው በግማሹ፣ በ900 ላይ የሚላከው ማደሻ መንገድ ላይ እየታገደ ነው። በዚያው ላይ የሲፕ መግቢያ የሆነው ፖርት 5060 ለዓለም ሁሉ ክፍት እንዳይተው አጥብቆ አስጠነቀቀ፤ ሌሊት በሌላ ሰው ኤክስቴንሽን ወደ ውጭ አገር የሚደወለው በዚያ በኩል ነውና። ከአቅራቢው አድራሻ በቀር ይዘጋ፣ በ00 የሚጀምር ጥሪ የይለፍ ቁጥር ይጠይቅ።

መልስ 15 መብራት ሲጠፋስ ብሎ ጠየቀ፤ የድሮው ስልክ በመስመሩ ኃይል ይሠራ ነበር። ሒሳቡንም ራሱ ሠራው። 24 ስልክ በ5 ዋት 120፣ ስዊቹ 30፣ በድምሩ 150 ዋት። ሁለት ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ዩፒኤስ በወረቀት 168 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በዚህ ጭነት ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ይቆያል። ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን በዚያው ዩፒኤስ ላይ ካልሆኑ ስልኮቹ እየበሩ ጥሪ አይወጣም።

መልስ 16 ዴስክ ስልክ ትቶ በሞባይል ሶፍትፎን በዋይፋይ መጠቀም ይቻላል ወይ አለ። መልስ 17 ይቻላል፣ ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታ አለ፦ 5 ጊጋ ኸርዝ ላይ የሲግናሉ መጠን በየጠረጴዛው ከነጌቲቭ 67 ዲቢኤም የተሻለ መሆን አለበት፣ ደብሊውኤምኤም (የዋይፋይ የቅድሚያ መስጫ) መብራት አለበት። በ2.4 ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ብዙ ቢሮ ባለበት ሕንፃ ሦስቱም ተይዘዋል።

መልስ 18 ክሩን ወደ ሕግ ጎተተው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የሚሰጥ የስልክ ጥሪ አገልግሎትን በወንጀልነት እንዳስቀመጠ አስታወሰና ሁሉም ሥራውን እንዲያቆም መከረ። መልስ 19 ማስፈራራት ሲል መለሰለት፤ የራስ ሠራተኞች በራስ ኔትወርክ መነጋገራቸውና ከውጭ አገር የመጣ ጥሪን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ውስጥ ቁጥር እያሳለፉ መሸጥ አንድ እንዳልሆኑ ተከራከረ። ሁለቱ ጥቂት ተወራወሩ። መልስ 20 በመካከል ገብቶ፣ የውጭው መስመር ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር በኢ1 (ብዙ ጥሪ የሚይዝ ዲጂታል መስመር) ወይም በሲፕ ትራንክ (በአይፒ የሚመጣ የስልክ መስመር) ይወሰድ፣ አጠራጣሪ ነገር ካለ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ይጠየቅ ብሎ ጨዋታውን ወደ ኔትወርኩ መለሰ። ጥሩ አደረገ።

መልስ 21 ከሜሪላንድ የተጻፈ ነው፤ አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ጋር ሲነጋገሩ አንዱ በአንዱ ላይ የሚናገሩት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 22 ርቀቱ እንደሆነ አሳየው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ኬብሉ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ 58 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ ኬብሉ ደግሞ በጎረቤት አገርና በባሕር ዞሮ ነው የሚሄደው። ፒንግ 240 ካሳየ በአንድ አቅጣጫ 120 ነው፤ ለፓኬቱ 20፣ ለጂተር በፈሩ 50 ሲታከል 190 ይሆናል። ከ150 ያልፋል፣ ግን ያነጋግራል። በደንብ ማስተካከል የሚቻለው በፈሩንና ወረፋውን እንጂ ርቀቱን አይደለም፤ ለእንዲህ ያለ መንገድ ኦፐስ ኮዴክ ብክነትን ስለሚቋቋም ከጂ 711ም ከጂ 729ም ይመረጣል።

መልስ 23 ጠያቂው ያመጣው ውጤት ነው። ጣሪያው 4.5 ላይ ከወረደና ካሜራዎቹ ከተገደቡ በኋላ የከሰዓቱ መቆራረጥ ጠፍቷል፤ ኢንተርኔቱ አልጨመረም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ግን ብክነቱ እንዳለ ነው። መልስ 24 የስዊቹን የፖርት ቆጣሪ እንዲያይ ነገረው፣ እዚያም የሲአርሲ ስሕተት (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ) ተቆጥሮ ተገኘ፦ ስዊቹ በ100 ፉል ተቆልፎ ስልኩ ኦቶ ላይ ስለሆነ ስልኩ ወደ ሀፍ ዱፕሌክስ (በተራ ብቻ ወደሚላክበትና ወደሚቀበሉበት አሠራር) ወርዷል። ሁለቱም ወገን ኦቶ ላይ ሲደረጉ ቆጣሪው ቆመ።

የመጨረሻው ጥያቄ ለመጠባበቂያ በተተወው የአናሎግ መስመር ላይ የራስ ድምፅ ተመልሶ መሰማቱ ነበር። መልስ 25 የኤፍኤክስኦ ጌትዌዩ (የአናሎግ መስመርን ከአይፒው ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) የመስመሩን ኢምፒዳንስ (ለድምፁ ሞገድ ያለውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) በትክክል ስላልያዘ ነው አለ፤ በዚያ መጋጠሚያ ላይ ድምፅ ይነጥራል፣ በአናሎጉ ዘመን ማሚቶው ወዲያው ስለሚመለስ አይታወቅም ነበር፣ የአይፒ መዘግየት ሲጨመርበት ግን ይሰማል። በመጀመሪያ ኢምፒዳንሱ በ600 ኦም ይሞከር፣ ካልሆነ ጌትዌዩ ያሉት ሌሎች አማራጮች አንድ በአንድ፤ ቀጥሎ ወደ መስመሩ የሚሄደው ድምፅ በ3 ዴሲቤል ይቀነስ፤ የማሚቶ ማጥፊያው መብራቱ ይረጋገጥ። ደዋዩ ዘግቶ መስመሩ ተይዞ የሚቀር ከሆነም የመዘጊያው ምልክት በፖላሪቲ መገልበጥ ይሁን በቢዚ ድምፅ፣ መስመሩ የሚሰጠውን ለይቶ በጌትዌዩ ላይ ያንኑ መምረጥ ነው።